የፈረስ ዐዋቂና የፈረስ ወሬ ዐዋቂ

ሰው በሚተዳደርበት ሙያ ሳያውቅ ዐዋቂ መስሎ ለመታየት ቢጥር ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እንጀራው ነው። ሐኪም ሳይሆን ሐኪም ነኝ ያለውን፣ መሐንዲስ ሳይሆን መሐንዲስ ነኝ ያለውን ሕግ ይጠይቀዋል፤ ድርጊቱም ማጭበርበር የሚል ስም አለው። እኔን ለብዙ ጊዜ ሲያሳስበኝ የኖረው ግን ሌላ ነገር ነው። ማንም ሳያስገድደው፣ ደመወዝም ሳይከፈለው፣ በፍቅር ብቻ በያዘው ነገር ላይ ሰው የማያውቀውን የሚያውቅ ለመምሰል ለምን ይደክማል? ፈረስ የሚወድ ሰው መውደዱ ለምን አይበቃውም? በላዩ ላይ «ፈረስ ዐዋቂ» መባልን ለምን ይፈልጋል? ቢባልስ ማን ይጎዳል?

ጥያቄውን በፈረስ የጀመርሁት እንዲያው አይደለም። ተወልጄ ያደግሁት በአዊ ምድር ነው፤ ፊደል የቆጠርሁት ዳንግላ ሲሆን ዘመዶቼ የሚኖሩት በእንጅባራ ዙሪያ ነው። በዚያ አገር ፈረስ የጌጥ እንስሳ ብቻ አይደለም። ማረስ የበሬ ፈንታ ነው ብሎ ያደገ እንግዳ በባንጃ ደጋ ላይ ጥንድ ፈረስ ተጠምዶ ሲያርስ ባየ ጊዜ መኪናውን አስቁሞ ይመለከታል። ሙሽራ በፈረስ ይታጀባል፤ ለቀስተኛ በፈረስ ይደርሳል፤ የከተማው ጋሪም እስከ ትናንት ድረስ፣ ባጃጅ መንገዱን ሳይሞላው በፊት፣ የፈረስ ነበር። ሰባት ቤት አገው የሚባሉት አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ጫራ፣ ዚገም፣ ቋቁራና መተከል የሚግባቡበት ሌላ ቋንቋ ቢፈለግ ከአዊኛ ቀጥሎ የሚገኘው ፈረስ ይመስለኛል።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም.፣ ማለትም ጠላት ገና ከአገር ባልወጣበት ዘመን፣ እንደ ተመሠረተ ይነገራል። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ፣ ከዚያም በአርበኝነቱ ዘመን ፈረስ ለዋለው ውለታ መታሰቢያ እንዲሆን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ በዓሉ ይከበራል። አባላቱ ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ እንደ ደረሱ ማኅበሩ ይናገራል። በዚያን ዕለት እንጅባራ ላይ ቆሞ ያላየ ሰው ይህን ቁጥር እንደ ተራ ቁጥር ያነበው ይሆናል። ያየ ግን ከሩቅ እንደ ነጐድጓድ የሚመጣውን የኮቴ ድምፅ ያስታውሳል። ጉግሱ፣ ስግሪያው፣ ሽምጥ ግልቢያው፣ በደጋው ብርድ ከፈረሶቹ አፍንጫ የሚወጣው እንፋሎት፣ የግላሱ ቀለም፣ የሽማግሌዎቹ ጋቢ፤ ሁሉም በአንድነት ሆኖ ሰውን ልቡን ይሰርቀዋል።

አባቶቻችን ስማቸውን ከፈረሳቸው ይወስዱ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተብለዋል። ይህ ልማድ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ሰውየው በፈረሱ ስም እንዲጠራ በቅድሚያ ፈረሱ ላይ መውጣት፣ ከዚያም ሳይወድቅ መመለስ ነበረበት። የዘመናችን የፈረስ ወሬ ዐዋቂ የሚፈልገው ስሙን ነው፤ ፈረሱ ቢቀርለት ግድ የለውም።

በሜዳው ዳር የሚቆመውን ተመልካች ልብ ብሎ ላስተዋለው ዐይኑን የሚገልጠው ጥቂቱ ነው፤ አፉን የሚከፍተው ብዙው ነው። «ይህ ዳማ ደም አለው!» ይላል አንዱ። «ያ ቦራ ዘሩ ከጥንት ነው» ይላል ሁለተኛው፤ ዘሩን ማን እንደ ነገረው የሚጠይቅ የለም። ሦስተኛው «አንገቱን እዩልኝ፣ አንገቱን!» እያለ በአጠገቡ የቆመችውን ልጅ በክርኑ ይነካል። በእነዚህ ሰዎች ልሣቅ ብዬ አልተነሣሁም። በአንድ ወቅት የእነርሱ ዋነኛ እኔ ነበርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ በጥር በዓል ሰሞን ስለ ፈረስ የጻፍሁትን ግጥም በሕዝብ ፊት አነበብሁ። ግጥሙ ተወደደ። አሁን ተመልሼ ስቈጥረው በውስጡ ሃያ ያህል የፈረስ ቃላት ነበሩበት፤ ኮርቻ፣ ልጓም፣ ዛብ፣ እርካብ፣ ጋማ፣ ሰኮና፣ ሶምሶማ፣ ሽምጥ እያለ የሚቀጥል ነው። ከሃያው ውስጥ በእጄ የነካሁት ከሦስት አይበልጥም። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ በቤታችን ፈረስ አልነበረም። ቃላቱን የለቀምኋቸው ከሽማግሌ ጨዋታ፣ ከቀረርቶ፣ ከመጽሐፍ ነው። ቃል መልቀም ለባለቅኔ ነውር አይደለም። ነውሩ የጀመረው ከንባቡ በኋላ ሰዎች እየመጡ እጄን ሲጨብጡኝ፣ «ለካ አንተ ፈረስ ታውቃለህ!» ሲሉኝና እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ ዝም ስል ነው። ያ ዝምታ የትሕትና ይመስል ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ክረምቱ እንደ ወጣ የአክስቴ ልጅ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድንች ሽጦ ያጠራቀመው ገንዘብ ነበረው። «አያ፣ ለጥር የምወጣበት ፈረስ ልገዛ ነው፤ የምታውቀው አንተ ነህና አብረኸኝ ገበያ ውረድ» አለኝ። ያኔ «እኔ የማውቀው የፈረስን ስም እንጂ ፈረስን አይደለም» ብለው ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባልተጻፈ። አላልሁም። ወረድሁ።

በገበያው መካከል አንድ ዳማ ፈረስ ቆሟል። ግንባሩ ላይ ነጭ ቦራ አለው፤ አንገቱ ቀስት ነው፤ ጋማው ተበጥሮ፣ በልጓሙ ላይ ቀይ ዘርፍ ተንጠልጥሎበት፣ ጥልፍ ግላስ ለብሶ፣ ኮርቻ ተጭኖበታል። ልቤ ዘለለ። የአክስቴ ልጅ ፊቴን ፊቴን ያያል። እኔ መናገር ጀመርሁ። ስለ አንገቱ ተናገርሁ፤ ስለ ዐይኑ ተናገርሁ፤ ስለ ቀለሙ ከቀረርቶ የሰማሁትን ተናገርሁ። በተናገርሁ ቍጥር የልጁ ፊት ይበራል፤ የርሱ ፊት በበራ ቍጥር የእኔ ቃል ይበረክታል። በአጠገባችን በቀርቀሃ አጥር ተደግፈው የቆሙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። «ልጆቼ፣ ኮርቻውን አስወርዳችሁ አይታችኋል?» አሉ። እኔም ፈገግ ብዬ «አባቴ፣ የፈረስ ነገር ከአንገቱ ይታወቃል» አልኋቸው። ሽማግሌው ትንሽ ተመለከቱኝና «ይሁን ልጄ» ብለው ሄዱ። በዚያች ቅጽበት የሻጩን ፊት አይቻለሁ። ተጨንቆ የቆየ ሰው ትንፋሹን ሲለቅ የሚታየው መፍታታት ነበር። አይቼዋለሁ፤ ግን ምን ማለት እንደ ሆነ ልጠይቅ አልወደድሁም። ገንዘቡ ተቈጠረ።

ቤት ደርሰን ኮርቻው ሲወርድ ከትከሻው ኋላ፣ ከጥልፉ ግላስ ሥር፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ገጣባ ተገኘ። ላዩ ቆዳ ለብሷል፤ ውስጡ አልሻረም። በሳምንቱ ፈነዳ። የኋላ ሰኮናውም የተሰነጠቀ ነበር። ጥር ደረሰ፤ ጥር አለፈ፤ ፈረሱ ከበረት አልወጣም። የአክስቴ ልጅ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ሰው ሲጠይቀው «ዕድሌ ነው» ይል ነበር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ዕድሉ እኔ እንደ ነበርሁ የማውቅ እኔው ነኝና።

ፈረሱን ያዳኑት እነዚያው ሽማግሌ ናቸው። ልጁ ሄዶ ለመናቸው፤ መጡ። እኔን ሲያዩ ያወቁኝ አልመሰሉም፤ ወይም እንዳላወቁኝ ሊያደርጉልኝ ፈለጉ። ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውሃ አጠቡና ፈጥነው ዞር ብለው ኮርቻውን አንሡልኝ አሉ። ገለበጡት፤ ውስጡን በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ ዳሰሱት፤ በአንድ ወገን ሙላቱ አልቆ እንጨቱ የሚነካበትን ቦታ አገኙ። «ገጣባ የፈረስ በሽታ አይደለም፤ የኮርቻ በሽታ ነው። ይህን ሳትጠግኑ ጀርባውን ብታድኑት ተመልሶ ይቈስላል» አሉ። እኔ ስለ ኮርቻ በግጥሜ ውስጥ አራት ስንኝ ነበረኝ። ኮርቻ ሆድ ዕቃ እንዳለው አላውቅም ነበር።

እንግዲህ በገበያው ዋሽቻለሁን? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ውሸታም እውነቱን ያውቃል፤ ዐውቆ ይሸሽገዋል። ሻጩ ዋሽቷል፤ ገጣባው የት እንዳለ ያውቅ ነበርና። እኔ ግን ገጣባ መኖሩንም አለመኖሩንም አላወቅሁም፤ ይበልጥ የሚከፋው ደግሞ አላሳሰበኝም። የእኔ ንግግር ወደ ፈረሱ አልነበረም፤ ወደ ልጁ ፊት ነበር። አፍላጦን በ«ፋይድሮስ» ውስጥ ሶቅራጥስን ስለዚህ ነገር ያናግረዋል። ሁለታችንም ፈረስ ምን እንደ ሆነ ባናውቅ፣ እኔ ግን አንተ ፈረስን ጆሮው ረዥም የሆነ የቤት እንስሳ አድርገህ እንደምታስበው ባውቅ፣ ስለ አህያ የተዋበ ውዳሴ አዘጋጅቼ ለጦር ሜዳ ይሆንሃል ብዬ ባስገዛህ ምን ይባላል? ይላል። ተማሪ ሳለሁ ይህን አንብቤ ስቄ ነበር። ተናጋሪው የሚያጠናው እንስሳውን ሳይሆን የሰሚውን ግምት መሆኑን ያስተዋልሁት ግን ገጣባውን ካየሁ በኋላ ነው።

ያው አፍላጦን በ«ፖሊቴያ» ዐሥረኛ መጽሐፉ ለእኛ ለኪነት ሰዎች የባሰ ነገር አለው። ሠዓሊ ልጓምና ዛብ ይሥላል፤ ቀጥቃጭና ቆዳ ሠራተኛ ይሠሩታል፤ ልጓም ምን መሆን እንዳለበት የሚያውቀው ግን የሚጠቀምበት ፈረሰኛው ብቻ ነው ይላል። በዚህ አባባል ብዙ ተከራክሬአለሁ፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ባለቅኔ ፈረሰኛ ካልሆነ ስለ ፈረስ አይጻፍ ቢባል የዓለም ሥነ ጽሑፍ እኩሌታው ይቃጠል ነበር። ነገር ግን አንድ ተውኔቴ ውስጥ ጀግናው ኮርቻው ላይ ከተደላደለ በኋላ እጁን ዘርግቶ «ልጓሙን አምጡልኝ!» የሚልበት ቦታ ነበር። ቃሉ ቤት ይመታልኝ ስለ ነበር ነው። የመጀመሪያው ትርኢት ሲታይ ሁሉ ሰው ጸጥ ባለበት በዚያ ቦታ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ከት ብሎ ሣቀ። ተዋናዩ ተደናገጠ። የሣቀው ሰው ጋሪ ነጂ እንደ ነበር በኋላ ሰማሁ። ያን ዕለት በአዳራሹ ከነበርነው ሁሉ ስለ ተውኔቱ ትክክለኛውን ኂስ የሰጠው እርሱ ነው። ልጓም ሳያገባ ፈረስ ላይ የሚወጣ ሰው ጀግና አይደለም፤ ወዴት እንደሚሄድ ለፈረሱ የተወ ነው።

የእውነተኛ ዐዋቂ ዕውቀት እንዴት ይገኛል? ከሽማግሌው ጋር በኋላ ተዋውቀን ብዙ ውዬአለሁና የማውቀውን ልናገር። ፈረስ ሲያዩ የሚጀምሩት ከታች ነው። መጀመሪያ አያዩትም እንኳ፤ ዐይናቸውን ጨፍነው በጠንካራ መሬት ላይ ሲሄድ የኮቴውን ምት ያዳምጣሉ። ምቱ ካልተስተካከለ የሚያነክስበትን ይፈልጋሉ። «የታመመው የፊት እግሩ መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ዐይንህን ከራሱ አታንሣ» አሉኝ። ከዚያ ጥርሱን ያያሉ፤ የወጣት ፈረስ የፊት ጥርስ ቀጥ ብሎ ይገጥማል፤ ዕድሜው በገፋ ቍጥር ወደ ፊት ያዘነብላል፤ በላዩ ያለው ጕድጓድም እየተበላ ይጠፋል። ቀጥሎ ኮርቻ ያስወርዳሉ። አንገትና ቀለም የመጨረሻ ናቸው፤ «እርሱ ለሙሽራ ነው» ይላሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የግሪኩ ክሴኖፎን ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ ፈረስ የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ እግሩን ይይ፣ መሠረቱ የተበላሸ ቤት ላዩ ቢያምር ምን ይጠቅማል ይላል። ከእርሱ በፊት የጻፈውን ሲሞንን ጠቅሶም የጥሩ ሰኮና ድምፁ እንደ ጸናጽል ያቃጭላል ይላል። የባንጃው ሽማግሌ ክሴኖፎንን አላነበቡም፤ ክሴኖፎንም ባንጃን አልረገጠም። ሁለቱን ያስተማረ አንድ መምህር ነው፤ ፈረሱ ነው። የጀማሪን ስሕተት ፈረስ በትዕግሥት አያልፍም፤ ይጥላል፣ ይረግጣል፣ ያነክሳል። ስሙ የታወቀ ነው ብሎ ለማንም አያዳላም። ዐዋቂ የሚሆነው ይህን ዳኛ ተቀብሎ ብዙ ጊዜ የተፈረደበት ሰው ነው። የወሬ ዐዋቂ ዳኛው አድማጩ ስለ ሆነ አንድም ጊዜ ሳይፈረድበት ያረጃል።

ይህን ስል ዕውቀት የባላገር ብቻ ነው፣ የተማረና ከሌላ አገር የመጣ ሁሉ አስመሳይ ነው ማለቴ እንዳይመስል እፈራለሁ። ዳንግላ ለዚህ የራሷ ምስክር አላት። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ቺዝማን የሚባል እንግሊዛዊ ቆንስል በዚያች ከተማ ተቀምጦ ነበር። ሥራው የመንግሥቱ ጉዳይ ነው፤ ፍቅሩ ግን የዐባይ ወንዝና ወፎች ነበሩ። ዐባይ የሚፈስበትን ሸለቆ ተከትሎ በመጓዝ በካርታው ላይ ባዶ የነበረውን አስሞላ፤ በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዐባይ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። የሰበሰባቸውን ወፎችም ስክሌተር ከተባለው የወፍ ሊቅ ጋር ሆኖ በሙያው መጽሔት ዝርዝራቸውን አሳተመ። በመንግሥታት ጉዳይ የመጣበትን ዓላማ ታሪክ ጸሐፊዎች ይመርምሩት። እኔ የምለው ደመወዝ ያልተከፈለበትን የትርፍ ጊዜ ዝንባሌውን ሌላው ሰው መርምሮ ስሕተት ነው ሊለው በሚችል መልክ አቅርቦታል ነው። ወፏ አለች፤ ወንዙም አለ፤ ሄዶ ማየት ይቻላል።

ደግሞም ዝምታ ሁሉ ዕውቀት አይደለም። በፈረስ ጨዋታ መካከል አንድም ቃል ሳይናገር ምላሱን እያንኳኳ ራሱን ብቻ የሚነቀንቅ ሰው ዐውቃለሁ። ለዐሥር ዓመት ያህል ታላቅ ዐዋቂ ነው ብለን ፈራነው። አንድ ቀን ከፈረስ ኋላ ተጠግቶ ቆመና ተረገጠ። ከዚያ ወዲህ መናገር ጀምሯል።

ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑን መቼም መንገር አያሻኝም። በዋሸራም ሆነ በሌላው ቅኔ ቤት ተማሪው ቈጥሮ ያመጣትን ጉባኤ ቃና መምህሩ በጓደኞቹ ፊት ያፈርስበታል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል፤ ያም ይፈርሳል። በዚህ ዓይነት ዓመታት ያለፉበት ሰው በበዓል ቀን ቅኔ ሲሰማ «ይበል!» ቢል ያምርበታል። በአጠገቡ የቆመው ግን ግእዙን ሳይሰማ፣ ሰሙን ሳይለይ፣ ወርቁን አድንቆ ከእርሱ ድምፅ በላይ «ይበል! ይበል!» ይላል። እኔም ብያለሁ። ካላልሁ ሰው እንዳልገባኝ ያውቅብኛል ብዬ ነው። በኋላ ሳስበው ከዙሪያዬ ስንቱ በዚያው ፍርሃት እንደሚጮኽ ገረመኝ።

አስመሳዮች በጣም የሚወዱት አንድ የቻይና ተረት አለ፤ ሊየ ዙ በሚባለው የጥንት መጽሐፍ ይገኛል። የቺን መስፍን ሙ ዝነኛውን የፈረስ ዐዋቂ ቦ ሌን አርጅተሃልና የሚተካህ ማን ነው? ይለዋል። ቦ ሌም ልጆቹን ትቶ እንጨት ተሸካሚ ጓደኛውን ጂዩፋንግ ጋኦን ይልካል። ሰውየው ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ፈረስ አግኝቻለሁ አለ። ምን ዓይነት ቢሉት ቢጫ ባዝራ አለ። ሄደው ሲያመጡት ጥቁር ወንድ ፈረስ ሆኖ ተገኘ። መስፍኑ ተቈጣ፤ ቦ ሌ ግን ተደንቆ ይህ ሰው ውስጡን አይቶ ውጩን ረስቷል አለ። ይህን ተረት ከአንድ ከማያውቅ ሰው አፍ ያልሰማሁበት ዓመት የለም፤ «እኔ መንፈሱን ነው የማየው» ይላል ጥርሱን አይተህ ነበር ወይ ሲሉት። የተረቱን መጨረሻ ግን ይዘለዋል። በመጨረሻው ፈረሱ መጣ፤ በእርግጥም ወደር የሌለው ፈረስ ሆኖ ተገኘ። ፈረሱ ሰንካላ ሆኖ ቢመጣ ኖሮ ጂዩፋንግ ጋኦ ባዝራን ከወንድ የማይለይ ምስኪን እንጨት ተሸካሚ ሆኖ ይቀር ነበር።

የራሴን ጥፋት በትክክል ያሳየኝ ግን ሰው አይደለም፤ በርሊን የነበረ ሐንስ የተባለ ፈረስ ነው። ባለቤቱ ፎን ኦስተን የሒሳብ መምህር ነበር። ሐንስ ሦስትና አራት ስንት ነው ሲባል በሰኮናው ሰባት ጊዜ መሬት ይመታል። እ.ኤ.አ. በ1904 ሊቃውንት ተሰብስበው መርምረው ተንኮል አላገኙበትም። በኋላ ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ጠያቂው ራሱ መልሱን እንዳያውቅ አደረገ፤ ፈረሱ ጠያቂውን እንዳያይም ከለለው። ያን ጊዜ ሐንስ ሳይቈም መምታቱን ቀጠለ። በ1907 ውጤቱ ታተመ። ፈረሱ ሒሳብ አያውቅም፤ የሚያውቀው ትክክለኛው ቍጥር ላይ ሲደርስ የጠያቂው ፊትና ራስ ባለቤቱ ሳይታወቀው የሚያሳየውን ቅንጣት እንቅስቃሴ ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ገበያው ውስጥ የአክስቴ ልጅ ፊት እንዴት ይበራ እንደ ነበር ትዝ አለኝ። እኔም እንደ ሐንስ ፊቱን እያየሁ እመታ ነበር። ሐንስ ከእኔ የሚሻልበት ነገር ዐውቃለሁ ብሎ አለመናገሩ ነው። ደግሞም ፊት ማንበብ ራሱ ትልቅ ችሎታ ነው፤ ፎን ኦስተን ፈረሱን ሒሳብ ዐዋቂ ሊያደርገው ሲደክም በእጁ የነበረውን እውነተኛ ድንቅ ነገር ሳያየው ቀረ።

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «አበዛኸው» አለኝ። «ሰው በመዝናኛው ላይ ትንሽ ቢያጋንን ምን ነውር አለው? ሁሉም የሚጀምረው በማስመሰል አይደለምን?» አለ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። እውነት ነው፤ ሁላችን በልጅነታችን ቀርቀሃ በእግራችን መካከል አድርገን «ፈረስ» ጋልበናል። ልጓም አበጅተንለታል፤ ስም አውጥተንለታል፤ ሲደክመውም ሣር አቅርበንለታል። ያለዚያ ፍቅሩም አይጀምርም። ነገር ግን ቀርቀሃውን ገበያ አውጥተን ለማንም አልሸጥንም፤ ማታም እናታችን ስትጠራን አጥር ላይ አስደግፈነው እንገባ ነበር። ጀማሪ ከዐዋቂ አፍ ቃል ቢዋስ ብድሩን እስካልካደ ድረስ አልፈርድበትም። ክህደቱ የሚመጣው አንድ ሰው እውነተኛ ጥያቄ ይዞ፣ ገንዘቡን ጨብጦ፣ ፊታችን ሲቆም ነው። ያን ጊዜ «አላውቅም» ለማለት የሚያስፈልገው ጊዜ አንድ እስትንፋስ ነው። እኔ ያችን አንድ እስትንፋስ ስላላወጣሁ ፈረሱ አምስት ወር ቆሰለ፤ ልጁም ሁለት ዓመት የለፋበትን አጣ። ማን ይጎዳል? ብዬ ነበር በመጀመሪያ። መናገር የማይችለው ይጎዳል፤ አምኖ የሚከተለውም ይጎዳል። ሌላም አለ። የተመልካቹ ጭብጨባ ለዘርፉና ለጥልፉ ብቻ ከሆነ ወጣቱ ፈረሰኛ ገንዘቡን በገብስ ፈንታ በጥልፍ ላይ ቢያወጣ አይፈረድበትም። ግጦሹ በየዓመቱ እየጠበበ በሄደበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያን ጭብጨባ የምናስተምረው ደግሞ በሜዳው ዳር ቆመን የምንናገር እኛ ነን።

ዳማው ፈረስ ዳነ። ለጥር ሜዳ ባይደርስም ለዐሥር ዓመት ያህል አርሷል። እኔም ግጥሜን አልቀደድሁትም፤ አራቱን የኮርቻ ስንኞች ብቻ አውጥቻለሁ፤ በእነርሱ ፈንታ እስከ ዛሬ ምንም አልተካሁባቸውም።

ባለፈው የጥር በዓል ሰሞን ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ደራሲ ከፈረሶቹ አጠገብ አገኘኝና «ጋሼ፣ ይህ ጉራቻ እንዴት ነው? እርስዎ መቼም ያውቃሉ» አለኝ። «ገና እየተማርሁ ነው» ብዬ ከአንገቱ ሳይሆን ከእግሩ ልጀምር አጎነበስሁና የፊት ሰኮናውን ለማንሣት እጄን ዘረጋሁ። ፈረሱ እግሩን ነጠቀኝ። ደግሜ ሞከርሁ፤ ደግሞ ነጠቀኝ። ልጓሙን ይዞ የቆመው ልጅ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሣቁን በጋቢው ጫፍ ሸፈነ። «ጋሼ፣ ከፊቱ አይቁሙ፤ ወደ ትከሻው ጠጋ ይበሉ» አለኝ።

ጠጋ አልሁ።